የዕድሜ ልክ ቆዳ

ከዳግማይ ትንሣኤ ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ፌቨንን የገዛ ቤቷ በር አላውቅሽም አላት።

የበግ ጸጉር ጓሮ አስጥታ እየተመለሰች ነበር። እንደ ወትሮዋ ቀኝ እጇን ለበሩ አሳየችው። በሩ ዝም አለ። ደግማ አሳየችው።

«እንግዳ ነዎት?» አለ በሩ፣ በዚያ መቆጣት በማያውቅ ድምፁ። «እንግዳ ከሆኑ የቤቱ ሰው እስኪከፍትልዎ እባክዎ ይጠብቁ።»

«እንግዳስ አባትህ! የገዛሁህ እኔ፣ ያቆምኩህ እኔ!»

በር አባት የለው፣ ስድብ አይሰማው። ግራ እጇን ስታሳየው ተከፈተ። ገብታ ቀኟን ወደ መስኮቱ ብርሃን ብታቀርበው፣ ከአውራ ጣቷ ሥር የገብስ ፍሬ የምታህል ነጭ ነገር አየች። ብናኝ መስሏት አራገፈችው፤ አልረገፈም። በምራቋ አሸችው፤ አልለቀቀም። ያን ጊዜ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ከልጅነቷ ወዲህ አይታው አታውቅም፤ ግን ወዲያው አወቀችው። ሰው የጠላቱን ፊት አይረሳም።

ፌቨን በልጅነቷ ለምጽ ነበረባት። ሁለት እጆቿ ላይ፣ ጉልበቶቿም ላይ። ያኔ ለምጽ ብርቅ አልነበረም፤ በየሰፈሩ አንድ ሁለት ለምጻም አይጠፋም። ልጅ ያሾፋል፣ ጎረቤት ያማል፣ ቢሆንም ለቅሶ ላይ አብሮ ይቀመጣል፣ ሰርግ ላይም አብሮ ይበላል። ዓይን ያየውን ይለምዳል። በኋላ የቆዳ ዘመቻ መጣ። ትምህርት ቤቱ ግቢ ድንኳን ተጣለና ልጆቹን ሰብስበው፣ የነጣውን ቆዳ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በስሱ እየገፈፉ ከባንክ የመጣ ደህና ቆዳ ተከሉበት። ከአንዲት ሴት ጭን የተወሰደች ቁራጭ ነበረች አሉ፤ በመስታወት ሳህን ላይ እንደ እርሾ እየተራባች ለአገሩ ልጅ ሁሉ የበቃች። «የዕድሜ ልክ ነው» አሉ ሐኪሞቹ። የማን ዕድሜ እንደሆነ ግን አልተናገሩም።

ቆዳውስ ያዘ፤ አይዋሽም። እንዲያውም ከሚገባው በላይ ያዘ። የፌቨን ፊት ተጨማደደ፣ ጸጉሯ ሸበተ፣ ወገቧ ጎበጠ፤ የተተከለላት ቆዳ ግን ያው የሕፃን ቆዳ ሆኖ ቀረ። ሴቶቹ «እጅሽን ምን ብትቀቢው ነው?» ሲሏት «የበግ ጸጉር ስቡ ነዋ!» ትላለች። እሷ የመንዝ በግ ጸጉር እየፈተለች ባና ለሚባለው የሱፍ ብርድ ልብስ ሸማኔዎች ትሸጣለችና ሁሉም ያምናታል። ማሽን ያልነካው ባና የሚገዛ ሀብታም ዛሬም አልጠፋም፤ መቼም ሀብታም ገንዘቡን የሚጥልበት አያጣም።

ድኖ መኖር መልካም ነገር ነው። ሌላው ነገር ነው ያልተጠበቀው። ለምጹ ከጠፋ ወዲህ ሌላውም ተራ በተራ ጠፋ። ጠባሳው፣ ማድያቱ፣ የቃጠሎ ምልክቱ። ትምህርት ቤት ሲከፈት ልጆቹ ይታያሉ፤ እንከን የተገኘበት እናቱ እንኳ ሳታይ ይስተካከልና ወደ ቤቱ ይላካል። ጠዋት ጠዋት ግድግዳው «ዛሬ ፀሐይዋ ብርቱ ናት፤ ሳይቀቡ አይውጡ» ይላል፤ አገሩ በሙሉ ተቀብቶ፣ አብለጭልጮ፣ እንደ ታጠበ ብርጭቆ ይወጣል። አንድ ቀን ብጉሩ የደማ ልጅ አውቶቡስ ውስጥ ገብቶ ሰው ሁሉ ወርዶ በእግሩ ሄደ። እንከን ያላየ ዓይን እንከን ይፈራል። እንግዲህ ፌቨን የገብስ ፍሬዋን ይዛ እንዲህ ያለ አገር ውስጥ ነው የተቀመጠችው።

ደግሞም ጊዜው! እሑድ ሽማግሌ ሊመጣባት ነው። ልጇና የልጇ ባል በወጣትነታቸው ስለሞቱ የልጅ ልጇን አልጋነሽን ያሳደገች እሷ ናት። ዘመኑ እንዲህ ነው፤ አሮጊቶቹ ፌቨንና ኤልዳና ይባላሉ፣ ልጃገረዶቹ አልጋነሽና ደብሪቱ። አልጋነሽን የፈለጋት ተሰማ የሚባል ልጅ፣ ተራራው ላይ ያሉትን የንፋስ ምሰሶዎች የሚጠግን፣ ትሁት፣ ሲስቅ ትከሻው የሚነቃነቅ። ልጁስ ምንም እንከን አይወጣለትም። ችግሩ አያቱ ናት። ወይዘሮ ኤልዳናን ደብረ ብርሃን ሁሉ ያውቃታል። ለሌላው የልጅ ልጇ ሚስት ስትታጭ፣ የልጅቱ እናት ጉንጭ ላይ ማድያት አየሁ ብላ ያለቀ የጋብቻ ነገር በአንድ ቃል አፍርሳ የመጣች ሴት ናት። ማድያት ያፈረሰች ለምጽ ብታይ ምን ልትል ነው?

ማክሰኞ ፌቨን ሐኪም ቤት ሄደች። ወጣቱ ሐኪም እጇን አየና ጓደኞቹን ጠራ። ተሰብስበው ከሙዚየም እንደወጣ ነገር አገላበጡላት።

«በመጽሐፍ ብቻ ነው የማውቀው» አለ ሐኪሙ።

«እንግዲያው ጠግበህ እየው፤ የማየት ዋጋ አልጠይቅህም» አለችው።

ልጁ አፈረና ጓደኞቹን አስወጣ። ክፉ ልጅ አልነበረም። «እማማ፣ የዘመቻው ልጅ ነዎት አይደል? ቆዳው የሁላችሁም ከአንዲት እናት ነው። የሷ ዘመን ሲያበቃ የሁላችሁም አብሮ ያበቃል። ዘንድሮ ሳይሆን አልቀረም።»

«ታዲያ ሌሎቹ የት አሉ?»

«ማን መጥቶ ይናገራል? ይደብቃሉ።»

«ቶሎ ይሰፋል?»

«ቶሎ ነው የሚሰፋው። አሁን ግን ከራስዎ ጭን ወስደን እንተክልልዎታለን። እስኪይዝ መንፈቅ ይፈልጋል። ቤተሰብዎም ይታይ፤ በዘር ሊሄድ ስለሚችል።»

«የልጅ ልጄን ተዋት።»

«በመንካት እንኳ አይተላለፍም፤ አይስጉ።»

«እሱንማ እኔም አውቃለሁ የኔ ልጅ። አገሩ ነው የማያውቀው» ብላ እጇን ቀሚሷ ኪስ ከትታ ወጣች።

እውነትም ቶሎ ሰፋ። ረቡዕ አውራ ጣቷን ጨረሰ፣ ዓርብ እስከ አንጓዋ ደረሰ፣ ቅዳሜ ግራ እጇም ጀመረ። ቀለም ገዝታ ሞከረችው፤ ውሃ ሲነካው ይወርዳል። ስለዚህ ራሷ ከፈተለችው ድር ጓንት ሠራች። ብርድ ቢኖር ጓንት ማንም አይታዘብም ነበር። ግን ደብረ ብርሃን ብርድ ከረሳች ስንት ዘመኗ! ድሮ ሰው ጋቢ በጋቢ ላይ ደርቦ የሚንቀጠቀጥባት ከተማ ዛሬ ማንጎ ታበቅላለች።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለቻት አልጋነሽ።

«ቁርጥማት ነው።»

«በዚህ ሙቀት?»

«ቁርጥማት ሙቀት ያውቃል? ያንቺን ሥራ ሥሪ!»

አልጋነሽ ወደ ጓዳ ተመለሰች። ለነገሩ ለእሑዱ የሚሠራው ዶሮም ነበረ፣ የሚጠለለው ጠላም ነበር።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። ፊት ፊት መምሬ ኪሩቤል፣ የነፍስ አባትነታቸው ለሁለቱም ቤት የሆነ፣ ሆዳቸው ከመስቀላቸው ቀድሞ የሚገባ። ከኋላቸው የተሰማ አጎት፣ የኤልዳና ልጅ ናትናኤል፣ ሱፍ የለበሰ፣ የወንበሩን ንጽሕና አይቶ የሚቀመጥ ሰው። ሦስተኛዋ ራሷ ወይዘሮ ኤልዳና ነበረች። ሴት ሽማግሌ ሆና መምጣቷ ዛሬ አያስገርምም። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተሸፋፍና፣ ዓይኖቿ ብቻ ወጥተው ቤቱን ይለኩታል።

«ተቀመጡ እንጂ» አለች ፌቨን።

«የመጣንበትን ሳናገኝ አንቀመጥም» አሉ መምሬ በወጉ መሠረት። ተጠየቀ፣ ተመለሰ። ዘር ተቆጠረ፤ ሰባት ቤት አልተገናኙም። ቀጥሎ የዘመኑ ጥያቄ መጣ።

«ቆዳችሁስ?» አለ ናትናኤል።

«ቆዳችን እግዚአብሔር የሰጠን ነው» አለች ፌቨን።

«እግዚአብሔር የሰጠውን ሁሉ ሰው አይወደውም» አለች ኤልዳና ከነጠላዋ ሥር።

«ሰው የራሱንም ቢሆን መች ይወዳል፣ እሜቴ!»

መምሬ ሳቁ፤ ነገሩ አለፈ። ፌቨን «ልጄን ሰጥቻችኋለሁ» አለች፤ እልልታው በሁለት አሮጊትና በአንዲት ልጃገረድ ስለሆነ ቀጠን ያለ ነበር፤ ተቀመጡ። አልጋነሽ ውሃና ሳፋ ይዛ ለወንዶቹ አስታጠበች። ኤልዳና ዘንድ ስትደርስ ሴትዮዋ በአገጯ እለፊኝ አለቻት። አያቷ ዘንድ ስትደርስ ፌቨን «ቆይ» አለቻት።

ገበታው ቀረበ። ወጉን የማያውቅ የለም፤ በሁለቱ ወገን ያሉት ታላላቆች መጀመሪያ ሳይቆርሱ ሌላው እጁን አይሰድም፤ ያልተቆረሰበት እሺታም እሺታ አይባልም። መምሬ ጸሎቱን አሳርገው፣ ዶሮውን በፍቅር እያዩ፣ «እስቲ ይጀምሩልን፣ ወይዘሮ ፌቨን» አሉ።

ፌቨን ጓንቷን አየች። በግራ እንዳትቆርስ ነውር ነው፤ ግራውም ነጥቷል። ሳምንቱን ሙሉ ያዘጋጀችው ሰበብ ሁሉ ከራሷ በኖ ጠፋ። ምላሷ የለመደውን ብቻ አመጣ።

«እኔ ጾም ነኝ።»

መምሬ ከዶሮው ላይ ቀና አሉ።

«ምን?» አሉ መምሬ።

«ጾም።»

«ምን ጾም? በዓለ ሃምሳ ነው እኮ! ረቡዕና ዓርብ እንኳ የሚበላበት! ጌታ ተነሥቶ እያለ ማንን ብለው ነው የሚጾሙት?»

ፌቨን ፊቷ ጋለ። ስንቷን ሴት በዚህ ሃምሳ ቀን ጾመሻል ብላ ስትሰድብ የኖረች እሷው ነበረች። ናትናኤል የታጠበውን እጁን በመሐረብ ጠረገ።

«እትዬ ፌቨን፣ ሐሳብዎን ከለወጡ በግልጽ ይንገሩን። በሰላም መጥተናል፣ በሰላም እንሄዳለን» ብሎ ለመነሣት ወንበሩን ገፋ። አልጋነሽ ሳፋውን እንደያዘች በሩ አጠገብ ደርቃ ቀረች።

«ተቀመጥ፣ ናትናኤል» አለች ኤልዳና። «እኔም ጾም ነኝ።»

መምሬ አንዷን አዩ፣ ሌላዋን አዩ፣ ዶሮውን አዩ። «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት ወይስ ፋሲካ ገና አልደረሰም?» አሉ።

ፌቨን ግን መምሬን አልሰማቻቸውም። ኤልዳናን ነበር የምታየው። ሴትዮዋ ከገባች ጀምሮ ነጠላዋን ዝቅ አላደረገችም። ጠላው ሲቀዳላት አመስግና አስቀመጠችው እንጂ አልቀመሰችም። ዓይኗ ዙሪያ እንደ ደረቀ በርበሬ ተጨማዷል፤ ከአፍንጫዋ ሥር፣ ነጠላው ጫፍ ላይ ግን፣ አንዲት ጠባብ መስመር አለች፤ ለስላሳ፣ አንድም ሽብሽብ ያልነካት፣ የሕፃን ቆዳ። ፌቨን ያንን ቆዳ ታውቀዋለች። ስልሳ ዓመት እጇ ላይ ይዛው ኖራለች።

«የዘመቻ ልጅ!» አለች በልቧ።

ጓንቱን ብታወልቅ ሰርጉ ሊፈርስ ነው። ባታወልቅም ሰዎቹ ሊነሡ ነው። ያቺ ሴት ግን፣ ያቺ ትዕቢተኛ፣ የሷን ውሸት አይታ የራሷን ውሸት ከጎኑ አስቀምጣላታለች። በረሃብ ቀን አንድ እንጀራ እንደ መካፈል ነው። ውሸት ያካፈለ ሰው ፊት ደግሞ መዋሸት ያስነውራል።

«አልጋነሽ፣ ነይ አስታጥቢኝ» አለች። ጓንቱን በጣት በጣቱ እየሳበች ከሁለቱም እጇ አወለቀችው።

ከጣቶቿ እስከ አንጓዋ ነጭ ነበር፣ እንደ ተላጠ እንቁላል። አልጋነሽ እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቷ አይታ አታውቅም። የማስታጠቢያው ውሃ ወደ ጎን ፈሰሰ።

«ልጄ፣ እጄ ላይ እንጂ ቀሚሴ ላይ አይደለም» አለቻት ፌቨን።

«ይሄ… ይሄ ምንድን ነው?» አለ ናትናኤል፣ ወንበሩን ወደ ኋላ እየሳበ።

«ስሙን ካላወቅከው ለምጽ ይባላል። በመንካት አይተላለፍም። ይሄን ሁሉ ትምህርት ተምረህ ይሄን እኔ ልንገርህ?»

እጇን ታጥባ ቆረሰች። የዶሮውን ብልት በጣቷ በጠስ አድርጋ፣ መረቁን አጥቅሳ፣ ጠቅልላ፣ ነጭ እጇን በገበታው ላይ ዘረጋች።

«እሜቴ፣ ጾሙን ይፍቱ» አለች።

«እማዬ፣ ተዪ!» አለ ናትናኤል።

ኤልዳና ጉርሻውን አየች። የተዘረጋውን እጅ አየች። በመጨረሻ ነጠላዋን አወረደችና አፏን ከፈተች።

ፌቨን ጉርሻ ማሳነስ አታውቅም። መረቁ በሁለቱም ወገን ፈሰሰ፤ ኤልዳና እያላመጠች በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርገው ቀለሙ አብሮ ተጠረገ። ከንፈሯ ዙሪያ እስከ አገጯ ነጭ ሆኖ ወጣ፤ ወተት ጠጥቶ አፉን ያልጠረገ ሕፃን መሰለች። ናትናኤል እናቱን አየ፤ ደግሞ አየ።

ኤልዳና አላመጠች፣ ዋጠች፣ ጠላውንም በአንድ ትንፋሽ ግማሽ አደረሰችው። ከዚያ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብላ በተራዋ እጇን ታጥባ ቆርሳ ፌቨንን አጎረሰቻት። የሷም ጉርሻ የዋዛ አልነበረም።

መምሬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እናቶቼ፣ እስቲ ለአንድ አፍታ ደጅ ቆዩልን። ከናትናኤል ጋር የምንነጋገረው አለን።»

ሁለቱ ወጡ። በሩ ከኋላቸው ተዘጋ። የተሰጣው የበግ ጸጉር አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አንዳንድ ሰው እንዲህ ያለ ጊዜ ያለቅሳል። እነሱ አላለቀሱም።

«የት ነው የተተከለልሽ?» አለች ኤልዳና። እርስዎ መባባሉ ጉርሻው ላይ ቀርቷል።

«መንዝ፣ መሐል ሜዳ፣ ድንኳን ውስጥ። አንቺስ?»

«ሸኖ። አፌን አስረውት ሳምንት ሙሉ በቧንቧ ወተት አጠጡኝ። እናቴ ‹ምላስሽን ግን አላከሙልሽም› ትለኝ ነበር።»

ፌቨን እንደመሳቅ አለች። ቆይታ፣ «ያቺ ማድያታም ብለሽ የመለስሻትስ?» አለች። ይቅር ብላ የምታልፍ ሴት አይደለችም።

ኤልዳና ከበግ ጸጉሩ ነጭታ በጣቷ መፍተል ጀመረች። «ማድያቷን አይቼ አይደለም። አተኩራ አፌን አየችኝ። የልጅ ከንፈር ነው ያለሽ አለችኝ፤ ለማመስገን ይሆናል። እኔ ፈራሁ።» የፈተለችውን መልሳ ፈታችው። «ልጅቱ እስካሁን አላገባችም አሉ።»

«እንግዲያው ነገ ሄደሽ ትነግሪያታለሽ። ይሄንኑ አፍሽን ይዘሽ።»

«ትመጫለሽ?»

«እመጣለሁ። ብቻሽን ከሄድሽ ዋሽተሽ ትመለሻለሽ።»

ከውስጥ የወንዶቹ ድምፅ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። የናትናኤል ነው የሚበዛው። ፌቨን ጆሮዋን ጣለች፤ ቃሉ አይለይም። ከስልሳ ዓመት በፊትም እንዲሁ ድንኳን ደጅ ተራዋን ጠብቃ ነበር።

«ያቺ ሴትዮስ?» አለች፣ ዝም እንዳይሉ። «የጭኗን የሰጠችው?»

«ስሟን አልነገሩንም።»

«አለመጠየቃችን። አገር ሙሉ ለብሷት ኖረ፣ ለነፍሷ እንኳ አንድ ቀን አላስቀደሰላትም።»

ድምፁ ጸጥ አለ። ሁለቱም ተነሡ። ፌቨን ቀኝ እጇን ለበሩ አሳየችው።

«እንግዳ ነዎት?» አለ በሩ።

ግራዋን አሳየችው። «እንግዳ ነዎት?» ኤልዳናም ምን ታደርግ፣ የራሷን እጅ ሰጠችው፤ እሷንማ ጭራሽ አይቷት አያውቅም። «እንግዳ ከሆኑ የቤቱ ሰው እስኪከፍትልዎ…»

በሩ ከውስጥ ተከፈተ። አልጋነሽ ነበረች። ዓይኗ ቀልቷል፤ የቀኝ እጇ ጣቶች ግን በወጥ ወዝተዋል።

«ግቡ እንጂ» አለች። «ሊያልቅባችሁ ነው።»

«እየበሉ ነው?» አለች ፌቨን።

«መምሬ ሁለተኛውን ብልት ይዘዋል። ተሰማንም ደውዬ ነገርኩት። ‹አያቴ በላች?› ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። ከፋሲካ ወዲህ በሯን ዘግታ ብቻዋን ነበር የምትበላ አለ።»

ኤልዳና ነጠላዋን ወደ አፏ ልታነሣ ጀምራ ተወችው።

«አጎቱስ?»

«እሱ አልበላም። ግን ከገበታውም አልተነሣም። ‹አንተም ጾም ጀመርክ?› ይሉታል መምሬ፤ እየሳቁበት ነው።» አልጋነሽ የአያቷን ነጭ እጅ አየች፣ ከዚያ በወዛማ ጣቶቿ ያዘችው። ጠበቅ አድርጋ ነው የያዘችው፣ ደፍሮ ወንዝ እንደሚሻገር ሰው። «ዝም ያልሽኝን ነገ እጣላሻለሁ። ዛሬ ብይ።»

ገቡ። ቦታ ጠበበ፤ ናትናኤል ጎንበስ ብሎ ለእናቱ ወንበሩን አስጠጋላት። ኤልዳና ቆረሰች፣ ጠቀለለች፣ ምንም ሳትል ወደ ልጇ አፍ ዘረጋች። የእናት እጅ እንዴት ይመለሳል? ዓይኑን ጨፍኖ አፉን ከፈተ።

በሩ አሁንም ክፍቱን ነበር፤ ማን እንደገባ አልገባው ብሎ «እንግዳ ነዎት?» ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይላል። የሚመልስለት አላገኘም። የሁሉም አፍ ሞልቶ ነበር።